ሥራ ሳይለቁ በራስ ፍጥነት ዲግሪ መያዝ፦ ከሀዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጥያቄዎን ፍሬ ነገር ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ላስቀምጠው። በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የንብረት ክፍል የሒሳብ ሠራተኛ ነዎት። 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቁ በኋላ በአካውንቲንግ እስከ ደረጃ 4 ተምረዋል፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውንም አልፈዋል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ አንዱን ሳምንት ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ እየገቡ ይሠራሉ። የአራት ዓመት ልጅ አለዎት፤ እርስዎ ሥራ ሲውሉ ልጁን የሚይዙልዎት እናትዎ ናቸው። በቴሌግራም ላይ «ሥራዎን ሳይለቁ፣ በራስዎ ፍጥነት፣ በሁለት ዓመት ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ» የሚል ማስታወቂያ አይተው፣ ነገሩ እውነት ስለመሆኑ፣ ዲግሪው አገር ቤት ተቀባይነት ስለማግኘቱ፣ የትኛው ተቋም እንደሚሻልና በስልክ ብቻ መማር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሥራ ይዞ በኦንላይን ዲግሪ መያዝ የሚቻል ነገር ነው፤ እርስዎ ባሉበት ሁኔታ በሁለት ዓመት መጨረስ ግን አይቻልም። ከፍጥነቱ በፊት ደግሞ መታየት ያለበት ወረቀቱ የሚቀርብበት ቦታ ነው። ዲግሪውን የሚፈልጉት አሁን ባሉበት ፋብሪካ እድገት ለማግኘት ነው? በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ ለመወዳደር ነው? ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ያስባሉ? ለእያንዳንዱ የሚበቃው ማስረጃ ይለያያል። ወደ እኔ የሚመጡ አብዛኞቹ ጠያቂዎች መጀመሪያ ትምህርት ቤት ይመርጣሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ይከፍላሉ፤ ማስረጃውን ይዘው ሲሄዱ «አቻ ግምት አሠርተሻል ወይ?»፣ ማለትም የውጭው ዲግሪ ከአገር ቤቱ ጋር እኩል መሆኑን አስመስክረሻል ወይ የሚል ጥያቄ ሲገጥማቸው ነው ጉዳዩ የሚታሰባቸው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከመጨረሻው ቢሮ እንዲጀምሩ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የሁለት ዓመቱን ነገር በቁጥር እንየው፤ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ከማስታወቂያው ይልቅ ስሌቱ እንደሚያሳምንዎት አልጠራጠርም። በአሜሪካ ሥርዓት የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት በተለመደው አሠራር በሳምንት አንድ ሰዓት ከመምህር ጋር፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ በግል ጥናት፣ ለ15 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ይህም 45 ሰዓት ነው። በ120 ሲባዛ 5,400 ሰዓት ይሆናል። አገር ቤት ያለውም የሥራ ጫና ከዚህ ያነሰ አይደለም። በደብዳቤዎ «ከእሑድ በስተቀር በቀን ሁለት ሰዓት አላጣም» ብለዋል፤ በሳምንት 12 ሰዓት መሆኑ ነው። በዚህ አካሄድ 5,400 ሰዓት 450 ሳምንት ይፈጃል፤ አንድም ሳምንት ሳይታመሙ፣ አንድም በዓል ሳያከብሩ ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ነው። በሁለት ዓመት ለመጨረስ በሳምንት 52 ሰዓት ማጥናት ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመደበኛ ሥራ የፈቀደው ጣሪያ በሳምንት 48 ሰዓት መሆኑን ስናስታውስ፣ ማስታወቂያው በአንድ ሙሉ ሥራ ላይ ሌላ ከሙሉ ሥራ የሚበልጥ ጭነት እንዲጨምሩ እየጠየቀዎት ነው።

ይህ ስሌት ተስፋ እንዲያስቆርጥዎት አልፈልግም፤ ሊያጥር የሚችልባቸው መንገዶች አሉና። የእሑድን ግማሽ ቀን ጨምረው በሳምንት 15 ሰዓት ቢያገኙና ከደረጃ 4 ትምህርትዎ 30 ክሬዲት ያህል እንደተማሩት ተቆጥሮ ቢያዝልዎት፣ የሚቀረው 4,050 ሰዓት ወደ አምስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይወርዳል። ለሚሠራ ሰው ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ጤናማ ዕቅድ ነው። ክሬዲቱ ስለመያዙ ግን ተቋሙ ትራንስክሪፕትዎን አይቶ በጽሑፍ ካላረጋገጠልዎት በስሌቱ ውስጥ አያስገቡት።

ታዲያ «በስድስት ወር ጨረስኩ» የሚሉ ሰዎች ከየት መጡ ሊሉኝ ይችላሉ። ወሬው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ግዛቶች ገዥዎች የተመሠረተው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ለስድስት ወር የተወሰነ ክፍያ ካስከፈለ በኋላ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻለውን ያህል ኮርስ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ተማሪው ይዘቱን አውቀዋለሁ ካለ ሳምንታት ሳይጠብቅ ምዘናውን ወስዶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በዚህ መንገድ የሚፈጥኑት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሙያው ለዓመታት የሠሩና ቀደም ሲል ከሌላ ኮሌጅ ያከማቹትን ክሬዲት አዛውረው የገቡ ናቸው። ከዚህም በላይ ተቋሙ በመሠረቱ የሚያስተምረው አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩትን ነው። ሀዋሳ ላለ ሰው ይህን ታሪክ እየጠቀሱ ሌላ ትምህርት ቤት መሸጥ የደላሎች ዘዴ ነው።

ለእርስዎ በር ክፍት ከሆኑት መካከል ብዙ የሚጠየቀው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ መቀመጫውን አሜሪካ ካሊፎርኒያ ያደረገ፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚያስተምር ተቋም ሲሆን ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በሚታወቅ የርቀት ትምህርት እውቅና ሰጪ አካል እውቅና አግኝቷል። ብዙ ሰው «በራስ ፍጥነት» ብሎ የሚጠራው ይህንን ነው፤ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በዓመት አምስት የትምህርት ዘመኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሳምንት ነው። በአንድ ዘመን አንድ ኮርስ ወይም ሁለት መውሰድ የተማሪው ምርጫ ነው፤ ፍጥነቱን በራስዎ የሚወስኑት እዚህ ላይ ብቻ ነው። በአንዱ ኮርስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ሳምንቱ የራሱ መርሐ ግብር አለው።

አንዱን ሳምንት ቀረብ ብለን እንየው። ሳምንቱ ሐሙስ ይከፈታል። የሚነበበው ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ በመወያያ ጥያቄ ላይ የራስዎን ሐሳብ ጽፈው ያስገባሉ፤ በተለምዶም የሦስት ተማሪዎችን ጽሑፍ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። የጽሑፍ ሥራ ወይም አሳይመንት ይኖራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሌሎች ተማሪዎችን ሥራ በተሰጠው መመዘኛ መሠረት እርስዎ ራስዎ ያርማሉ። በእንግሊዝኛ ሐሳብን በጽሑፍ መግለጽ የሚከብደው ሰው መጀመሪያ የሚንገዳገደው እዚህ ነው፤ ሒሳቡ ላይ አይደለም። የሳምንቱ በር የሚዘጋው ረቡዕ እኩለ ሌሊት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀር አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ላይ ይውላል። የጠዋት ተረኛ በሆኑበት ሳምንት በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ነዎት። ስለዚህ የእርስዎ የራስዎ የመጨረሻ ቀን ማክሰኞ ማታ መሆን አለበት፤ ረቡዕ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢጨናነቅ መጠባበቂያ እንዲኖርዎት። አንድ ኮርስ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል እንደሚፈልግ ልብ ይበሉ፤ 15 በዘጠኝ ሲባዛ 135 ሰዓት፣ ማለትም ከላይ ያሰላነው የሦስት ክሬዲት ሥራ ነው። አርባ ኮርስ በዓመት አምስት አምስት ሲወሰድ ስምንት ዓመት፣ አሥር አሥር ሲወሰድ አራት ዓመት ይሆናል። የሚያዝ ክሬዲት ካለ ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ሌላም ዓይነት አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ላልመጡ ተማሪዎች ፈተና እየሰጠ ዲግሪ ሲያስይዝ የኖረ ተቋም ነው። በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ዓመቱን ሙሉ እንዳመቸዎት ያነባሉ፤ የፈተናው ወቅት ግን የተወሰነ ነው፤ የዓመቱም ውጤት በአብዛኛው በዚያ ላይ ይወሰናል። ሳምንታዊ ግፊት ካልተደረገበት የማያነብ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ ተረኛነቱ ሳምንት በሳምንት ለሚለዋወጥበት ሠራተኛ ግን ከሳምንታዊ ገደብ ይልቅ ይህ ሊመች ይችላል። ክፍያው በፓውንድ መሆኑና መጠኑም ከፍ ማለቱ ብዙዎችን ያስቀራቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ተቀባይነቱ ልለፍ። በአገራችን የውጭ ተቋማት ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው በቀድሞው አጠራር ሄርቃ የሚለው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይሠራው የነበረው ሥራ አሁን በዚህ ባለሥልጣን ሥር ነው። የግል ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ዲግሪዎን አይቶ ብቻ ሊቀበል ይችላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ግን የአቻ ግምት ደብዳቤውን ይጠይቃል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የተቋሙን ስም፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ ትምህርቱ በኦንላይን የሚሰጥ መሆኑንና የራስዎን የቀድሞ ማስረጃዎች ዘርዝረው ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ስለሆነና ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ለሌላ ጉዳይ ሲሄዱ ደርበው ቢጨርሱት ጥሩ ነው። በቃል «ችግር የለውም» የተባለ ነገር ከስድስት ዓመት በኋላ ምስክር አይሆንዎትም።

ተቋሙ በገዛ አገሩ እውቅና ያለው መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። የአሜሪካ ከሆነ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በድረ ገጹ ላይ እውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ይፋ ያደርጋል፤ የእንግሊዝ ከሆነ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ መዝገብ አለ፤ የህንድ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ድጎማ ኮሚሽን የርቀትና የኦንላይን ፕሮግራሞችን ለይቶ ያወጣል። ማጣሪያውን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለ ማስፈንጠሪያ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ይክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2015 መቀመጫውን ካራቺ ያደረገ አክዛክት የተባለ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሌሉ ትምህርት ቤቶችን ድረ ገጽ ከፍቶ ዲግሪ ሲሸጥ እንደነበር ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያጋልጥ፣ ኩባንያው ለሐሰተኞቹ ትምህርት ቤቶች ምስክር የሚሆኑ ሐሰተኛ እውቅና ሰጪ ድርጅቶችንም ጭምር ፈጥሮ ተገኝቷል። «የሥራ ልምድዎን ወደ ዲግሪ እንቀይራለን» የሚልና ክፍያውን ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ከሆነ ያዩት፣ ምርመራም አያስፈልገውም፤ ይተዉት።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመግቢያ ማስረጃዎ ነው። በቀድሞው ሥርዓት 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄደ ሰው 12ኛ ክፍልን አልጨረሰም። የውጭ ዩኒቨርሲቲ «የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ» ሲል በአገራችን የትኛውን ወረቀት እንደሚቀበል ተቋሙ ራሱ ይወስናል፤ አንዳንዱ የደረጃ 4 ማስረጃን ከ10ኛ ክፍል ውጤት ጋር አይቶ ሊያስገባ ይችላል። ይሁንና የውጭው ትምህርት ቤት ስላስገባዎት ብቻ የአገር ቤቱ አቻ ግምት ያልቃል ማለት አይደለም። አቻ ግምት የሚጠይቅ ሰው የመጨረሻውን ዲግሪ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የገባበትን መንገድም ሊጠየቅ ይችላል። አገር ቤት ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ለመግባት የሚያስፈልገው መስፈርትም ባለፉት ዓመታት ሲለዋወጥ ቆይቷል። በመሆኑም ለባለሥልጣኑ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ 10ኛ ክፍል የተፈተኑበትን ዓመትና የሲኦሲ ማረጋገጫዎን ቀን በግልጽ ያስቀምጡ። ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «አይሆንም» ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የመግቢያ ማስረጃውን ማስተካከል ነው፤ ዲግሪው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚሁ አጋጣሚ በፍጥነት የሚጨረሱ አጫጭር ኮርሶችን እየሰበሰቡ ወደ ዲግሪ ማዛወርን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደና ሕጋዊ አሠራር ነው፤ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ከዲግሪው ውስጥ አብዛኛው ክፍል ዩኒቨርሲቲ ባልሆነ ድርጅት የተወሰደ ከሆነ፣ ትራንስክሪፕቱን እዚህ የሚመረምር ባለሙያ ማብራሪያ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ብሆን ዋና ዋናዎቹን የሙያ ኮርሶች፣ በተለይ ፋይናንሻል አካውንቲንግን፣ ኮስት አካውንቲንግንና ኦዲትን፣ ዲግሪውን ከሚሰጠው ተቋም እወስዳለሁ። እንደ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ያሉ ነጻ ሥልጠናዎች የሚሰጡት ሰርተፍኬትም ለዕውቀት ጠቃሚ ቢሆንም የዲግሪ ክፍል ተደርጎ መታየት የለበትም።

የትምህርቱ ስያሜም ይታሰብበት። ከላይ የጠቀስኩት የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የንግድ ዘርፍ ዲግሪ በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ነው። የእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ደግሞ «በአካውንቲንግ ወይም በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ» ብሎ የሚጽፍ ነው፤ አንዳንዱ የሰው ሀብት ክፍል «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ካልተጻፈ በስተቀር አያሻግርም። በሒሳብ ሙያ ለመቀጠል ከወሰኑ ስያሜውን ችላ አይበሉት።

እዚህ ላይ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ለሒሳብ ሠራተኛ በራስ ፍጥነት የሚለው አነጋገር በትክክል የሚሠራው ከዲግሪ ይልቅ በሙያ ማኅበራት ፈተና ላይ ነው። ኤሲሲኤ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የመግቢያ ማስረጃ ከማይጠይቀው የመሠረት ደረጃ ጀምሮ ፈተናዎቹን አንድ በአንድ እንዲያልፉ ይፈቅዳል፤ የዋናው ደረጃ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፣ ዝግጁ ካልሆኑ ለሚቀጥለው ያስተላልፋሉ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመና ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲገቡ ከተደረገ ወዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የዲግሪ ምትክ አይደለም፤ «ዲግሪ» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ዲግሪ ያስፈልጋል። ነገር ግን የ10ኛ ክፍሉ ጉዳይ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ዓመታት እንዳይባክኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የመሠረት ፈተናዎች መሞከር ከንቱ ድካም አይሆንም።

አገር ቤት ያለውንም አማራጭ አይናቁ። እውቅና ካለው የአገር ውስጥ ተቋም በርቀት የሚወሰድ ዲግሪ አቻ ግምት አያስፈልገውም፤ ክፍያውም በብር ነው። ሞጁሉን ይወስዳሉ፣ አሳይመንት ያስገባሉ፣ በተወሰኑ ቀናት ገለጻ ይከታተላሉ፣ ፈተናው በቀጠሮ ነው። የእውቅና ፈቃድ ግን ለተቋሙ በጅምላ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዘዴ ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ በመደበኛው ፕሮግራም ፈቃድ ስላለው በርቀትም አለው ማለት አይደለም። የፈቃዱን ደብዳቤ ቅጂ አይተው ቀኑን ያረጋግጡ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ብሔራዊ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ስላለበት፣ «አሳይመንቱን እኛ እንሠራልዎታለን» በሚሉ ሰዎች እየታገዙ መጨረሻው ድረስ መሄድም አያዋጣም። የማታ ወይም የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ደግሞ ተረኛነትዎ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ግማሹ ያመልጥዎታል ብዬ እገምታለሁ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ «ነጻ ትምህርት» የተባለውን በትክክል ይረዱት። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የማስተማሪያ ክፍያ አይጠይቅም፤ የማመልከቻ ክፍያና በየኮርሱ የምዘና ክፍያ ግን አለው፤ ሁለቱም በዶላር ናቸው። የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ስላለው መጀመሪያ እርሱን ይሞክሩ። በብር ለሚከፈለው ሰው ዋናው አደጋ ምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ130 ብር አልፏል፤ የ100 ዶላር ክፍያ ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር ዘለለ ማለት ነው፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር። ስድስት ዓመት የሚዘልቅ ዕቅድ ሲያወጡ በዛሬው ተመን ብቻ አያስሉት። ክፍያውን ለመላክ የተቋሙን የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይዘው ባንክዎን ያነጋግሩ፤ ደረሰኙም በስምዎ ይሁን።

በሥራ ቦታዎም የሚጠይቁት ነገር አለ። አዋጅ 1156/2011 ለሚማር ሠራተኛ የሚሰጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድና የገንዘብ ድጋፍ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሊወሰን እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ከሰው ሀብት ክፍል የሥራ ደንቡን ቅጂ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ደግሞ የኅብረት ስምምነቱን ጠይቀው ያንብቡ። ምንም ካልተጻፈ የዓመት ፈቃድዎ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ይህን ፈቃድ በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ለፈተና ሳምንታት ከፋፍለው እንዲያወጡት ከአለቃዎ ጋር ይነጋገሩ። የፈተና ወቅት ላይ የተረኛነት ለውጥ ከሥራ ባልደረባ ጋር መቀያየርም፣ ቀድመው ካስፈቀዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳካ ነገር ነው። እናትዎም ከወዲሁ ይወቁት፤ ቤት ውስጥ በተቀመጡበት ሰዓት ሥራ ላይ እንዳሉ ካልተቆጠረልዎት 15ቱ ሰዓት አይገኝም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስልክን የሚመለከት ነበር። ማንበብ፣ አጫጭር አስተያየት መጻፍና ጥያቄዎችን መመለስ በስልክ ይቻላል፤ በአውቶቡስም ሆነ በምሳ ሰዓት የሚሠራው ይኸው ነው። ሦስት ገጽ አሳይመንት መጻፍ፣ በኤክሴል የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ መሥራት፣ በካሜራ ቁጥጥር የሚሰጥ ፈተና መውሰድ ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ሲገዙ ከፍጥነቱ በፊት ባትሪውን ይፈትሹ፤ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት የማይቆይ ከሆነ ዋጋው ቢቀንስም አይረባዎትም። ዳታን በተመለከተ በጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ኮርስ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ቪዲዮ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት 300 ሜጋባይት አካባቢ ሲወስድ በከፍተኛ ጥራት ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ ስለዚህ ጥራቱን ዝቅ አድርገው በሌሊት ጥቅል ያውርዱት። ላፕቶፑን ግን አሁን አይግዙ። ከባለሥልጣኑ የጽሑፍ መልስ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በስልክዎ በነጻ የሚሰጥ አንድ የእንግሊዝኛ አካዳሚያዊ ጽሑፍ ኮርስ ወስደው፣ በጠዋት ተረኛነትም በከሰዓትም ሳምንት 15 ሰዓቱ በእውነት መገኘቱን በማስታወሻ ደብተር እየመዘገቡ ይዩት።